ዳማው ፈረስና የጌም ቤቱ ዋንጫ

ሰፈራችን ኮብልስቶን በተነጠፈ ሰሞን አንድ ወጣት መጥቶ ለመንገድ ፊቷን የሰጠችውን ክፍሌን እንዳከራየው ጠየቀኝ። ምን ልትሠራባት ነው አልኩት። «ጌም ቤት» አለኝ። እኔ ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱም ፊደሉን ጨርሼ ማንበብ ስጀምር አዝመራ ደርሶ እዚያው ቀረ። ጌም የሚበላ ይሁን የሚለበስ አላውቅም። ብቻ ልጁ ጨዋ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል። «ይቅናህ» ብዬ ቁልፉን ሰጠሁት።

በሳምንቱ ቴሌቪዥኖች ገቡ። ቀጥሎ ከተገለበጠ ሚኒባስ የተነቀሉ መቀመጫዎች ገቡ። መጋረጃ ተጋረደ። ከዚያ ወዲያ ያ ክፍል ቀኑን ሙሉ ይጮህ ጀመር፤ ጥይት፣ ኳስ፣ የመኪና ጎማ፣ በመሐል የሰው ሳቅ። እንጅባራ እንደምታውቋት ናት፤ ወይ ይዘንባል ወይ ሊዘንብ ነው። ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ደጃፌ ካለችው አግዳሚ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ፤ አግዳሚዋ ደግሞ ከጌም ቤቱ መስኮት ሥር ናት። ስለዚህ ወደድኩም ጠላሁም የዚያን ቤት ገመና ከማንም በላይ አውቀው ጀመር።

ሕፃናት ቢሆኑ ምንም ባልተናገርኩ። ሕፃን መጫወቱ ደግ ነው። እዚያ የሚገቡት ግን ጢማቸውን የሚላጩ ሰዎች ናቸው። የሒሳብ አስተማሪ አለ፣ የወረዳ ሠራተኛ አለ፣ ባጃጃቸውን ደጄ ላይ ደርድረው የሚገቡ ሹፌሮች አሉ። ከሹፌሮቹ አንዱ አማቼ ነው፤ የአንዲት ልጄ ባል፣ የዳንግላ ከተማ ልጅ። እኔ ወንድ ልጅ አልወጣልኝም። ሲጋቡ ከእኔው ግቢ ይኑሩ ብዬ ጓሮ ያለውን ቤት ለቀቅሁላቸው። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ማለዳ ይነሳል፣ አይጠጣም፣ ልጄን አያስከፋም። ግን ከሰዓት በኋላ ባጃጁን ያቆምና ያንን መጋረጃ ገልጦ ይገባል፤ ሲመሽ ዓይኑ ቀልቶ ይወጣል።

አንድ ቀን ሲወጣ ፊቱ ሁሉ ፈገግታ ነው። አጠገቤ ቁጭ አለ።

«አባባ፣ ዛሬ ዋንጫ አገኘሁ።»

«ደግ። የት አለ?»

«እዚያ ውስጥ ነው።»

«አውጣውና ልየው።»

«አይወጣም እንጂ።»

«የማይወጣ ከሆነ ያገኘው ዕቃው ነው፤ አንተ አይደለህም። ለመሆኑ በምን ሰጡህ?»

«መቶ ማሰሮ ሰበርኩ።»

በእኔ ቤት ማሰሮ የሰበረ ሰው ምን እንደሚያገኝ ሚስቱን ቢጠይቃት ትነግረው ነበር። ይዞኝ ገባ፣ በዚያ መስተዋት ላይ ዋንጫዎቹን ደርድሮ አሳየኝ። ይሄ ከገደል ለመዝለል ነው፣ ይሄ ሃምሳ ጊዜ ለመሞት ነው፣ ይሄ ዓሣ ለማጥመድ ነው። ከሁሉ በላይ ያለችውን ትንሿን ጠየቅሁት።

«እሷ ጌሙን ስትጀምር የምትሰጥ ናት።»

«ስለጀመርክ?»

«አዎ። ለማበረታቻ ነው አባባ።»

እኔ ስንት እርሻ ጀምሬያለሁ። ስንት የዲከረንስ ዛፍ ተክዬ፣ አሳድጌ፣ ቆርጬ፣ ከሰል አክስያለሁ። ማንም መጥቶ ስለጀመርክ እንካ ዋንጫ አላለኝም። ደግሞስ እነዚህን ሰዎች ምን እንዲህ አነሳቸውና ነው፣ ገና መቀመጫቸው ሳይሞቅ የሚሸለሙት?

«ማን አየልህ?» አልኩት። «ማሰሮ መስበርህን፣ ከገደል መዝለልህን ማን መሰከረልህ?»

«ማሽኑ ራሱ ይመዘግባል።»

አያችሁ። ሥራ የሚሰጠውም ዕቃው፣ የሚመሰክረውም ዕቃው፣ የሚፈርደውም ዕቃው፣ ዋንጫውንም መልሶ የሚያስቀምጠው ያው ዕቃ ነው። ሰውዬው መካከል ላይ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። ምናልባት ለመክፈል ይሆናል።

ያን ሰሞን ሥራዬ ብዬ አጠናኋቸው። አስተማሪው የሚመጣው ሰው ለማሸነፍ ነው። ኳስ ብቻ ይጫወታል፣ ካሸነፈ የተሸናፊውን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ይወጣል፣ ከተሸነፈ መጫወቻው ተበላሽቷል ይላል። ሁልጊዜ ነው የሚበላሽበት። የወረዳው ሠራተኛ ደግሞ ማንንም ማሸነፍ አይፈልግም። አንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ ዝም ብሎ ይዞራል፣ ከዚያ ባሕር ዳርቻ ሄዶ ይቆማል።

«ምን ፈልገህ ነው?» አልኩት በመስኮት።

«ምንም። ባሕሩን ነው የማየው አባባ።»

«ዘንገና ሐይቅ እዚህ አፍንጫህ ሥር አይደለም እንዴ? ሄደህ እየው።»

«እዚያ ሰው ያየኛል» አለኝ። የሥራ ሰዓት ነበርና።

አማቼ ከሁለቱም ይለያል። እሱ አንድ ባለጎራዴ ሰውዬ ተራራ የሚወጣበት ጌም አለው፤ ሌላ አይነካም። ሰውዬው ይወጣል፣ ይንሸራተታል፣ ይወድቃል፣ ይሞታል። በሞተ ቅጽበት እዚያው ቦታ ላይ ተነስቶ ጎራዴውን ይዞ ይሮጣል። ልቅሶ የለም፣ ቁስል የለም፣ እፍረት የለም። አማቼ በዚያ ተራራ ላይ ያለውን ሁሉ፣ የተደበቀውን ድንጋይ ሳይቀር፣ ሰብስቦ መጨረስ ይፈልጋል። «መቶ በመቶ» ይለዋል። መቶ በመቶ ሲሆን ምን ይሆናል ብዬ ብጠይቀው ትንሽ አሰበና «ያልቃል» አለኝ።

አሁን ስለ ዳማው ልናገር፤ ሐሳቤ ሁሉ እሱ ላይ ነበርና። ዳማው ፈረሴ ነው። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ፈረሰኛ ይወጣለታል፤ በጥር ደግሞ ፈረሰኛው ከየአቅጣጫው ሜዳው ላይ ተሰብስቦ ይጋልባል፣ ጉግስ ይገጥማል። በእኛ የፈረሰኞች ማኅበር እያንዳንዱ ቤት በሰልፉ ውስጥ የታወቀ ቦታ አለው። የእኛ ቤት ከፊት ሦስተኛ ነው። አባቴ ቦታውን ይዞት ኖረ፣ እኔም ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ ያዝኩት። ባለፈው ጥር ጉልበቴ እንቢ ብሎኝ ዳማው ሳይሰለፍ ቀረ። አንድ ዓመት ይታለፋል። ሁለተኛ ዓመት ከተደገመ ግን ቦታው ለሌላ ቤት ይሰጣል፣ ያ ቤት ከሰልፉ ወጣ ማለት ነው። ከጥሊሊ አንድ ፈረሰኛ ይህን ሰምቶ እየተመላለሰ ሽጥልኝ ይለኝ ነበር። መሸጥ አልፈለግሁም። ዳማውን የሚቀመጥ የቤቴ ሰው ያስፈልገኛል። የቤቴ ሰው ደግሞ አንድ ነው፤ እሱም መጋረጃ ውስጥ ተራራ ይወጣል።

ለልጄ ነገርኳት። «ባልሽ ፈረስ የሚያውቀው ጋሪ ሲጎትት ነው። ቢሆንም ቀን በቀን ቢለማመድ ይደርሳል። እሱን ግን ማን ከዚያ ቤት ያወጣዋል?»

«አባዬ፣ ሌላው ሰው መጠጥ ቤት ይገባል» አለችኝ። «የእኔ እዚሁ አጥራችን ውስጥ ነው። ስጠራው ይሰማል። ምን ጎደለብዎ?»

እውነቷን ነው። የሚናቅ ነገር ሁሉ የሚከለከል አይደለም።

በሰኔ ወር፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሰማዩ ከአዘና በኩል ጠቆረ። በእኔ ግቢ ሕግ አለ፤ ነጎድጓድ ካጉረመረመ ቆጣሪ ይጠፋል። መብረቅ በሽቦ ገብቶ የጎረቤቴን ቴሌቪዥን ከነጠረጴዛው ሲያነደው በዓይኔ አይቻለሁ። ተከራዩም ሲገባ ነግሬዋለሁ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ተነሳሁ፣ ከዘራዬን ይዤ ወደ ቆጣሪው ሄድኩ፣ ወደ ታች ደፈቅሁት።

ውስጥ ጩኸቱ ሁሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ የአማቼ ድምፅ ነው። መርዶ የተነገረው ሰው እንደዚያ ይላል።

ባለ ጌም ቤቱ ወጣ። «አባባ፣ ምነው ትንሽ ቢቆዩ። እየመዘገበ ነበር እኮ።»

«መብረቅ ይቆየኛል?»

«አይ፣ እሱስ አይቆይም» አለና ራሱን ያዘ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ቆጣሪውን መለስኩ። መዝገቡ በእኩሌታ ስለተቋረጠ ጠፍቷል አሉ። የአማቼ ዋንጫዎች፣ ማሰሮዎቹ፣ ዓሣዎቹ፣ ሃምሳው ሞት፣ ያ ሁሉ ወራት የወጣው ተራራ፣ ሁሉም የለም። ባለጎራዴው ሰውዬ ከተራራው ግርጌ ባዶ እጁን ቆሟል። እነ አስተማሪው ወጥተው አግዳሚዬ ላይ ተደረደሩ፣ አማቼን ከመሐል አስቀመጡት። አንዱ «አይዞህ፣ ሁላችንም ላይ የሚደርስ ነው» ይለዋል። ሌላው መሬት መሬት ያያል። ልጄ አዝና ዳቦና ሻይ ይዛላቸው መጣች።

«እዝን ነው?» አልኳት።

ማንም አልሳቀም። እኔ ስንት ቀብር ቆሜያለሁ፤ እንዲህ የከበደ ዝምታ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። የሞተ ግን የለም። ይህን ሳስብ ንቀቴ ከጉሮሮዬ ደረሰ፤ ደግነቱ ሻዩ አብሮ አወረደው። ቆጣሪውን ስለማጥፋቴ ግን ዛሬም ቅር አይለኝም።

በማግስቱ አማቼ ወደዚያ ቤት እንደማይመለስ እርግጠኛ ነበርኩ። ለዳማው ጊዜ ተገኘ ብዬ ጠዋት ኮርቻውን አወጣሁና አራገፍኩ። ከሰዓት ሲሆን ባጃጁ መጣ፣ ቆመ፣ ሰውዬው መጋረጃውን ገልጦ ገባ። በመስኮት አጮለቅሁ። ባለጎራዴውን ከግርጌ አስነስቶ የመጀመሪያዋን ማሰሮ እየሰበረ ነው።

የገረመኝ ግን ፊቱ ነው። ተራራው አናት ላይ በነበረበት ሰሞን ደብዳቤ ሲመታ የዋለ ጸሐፊ ይመስል ነበር፤ ያዛጋ ነበር። አሁን ከግርጌ ሲነሳ ፊቱ በርቷል፤ ከመቀመጫው ወደ ፊት ተስቧል።

«አልተናደድክም?» አልኩት።

«ትናንት ተናድጄ ነበር። አሁን ግን መንገዱን አውቀዋለሁ አባባ። ያኔ ዝም ብዬ ነው የወጣሁት፤ አሁን አሳምሬ ነው የምወጣው።»

ወደ አግዳሚዬ ተመለስኩና ብዙ ቆየሁ። እነዚህ ሰዎች ዋንጫውን አይወዱትም፤ ቢወዱት ኖሮ በጠፋ ማግስት ከግርጌ አይነሱም ነበር። የሚወዱት ገና ብዙ የቀረው መሆኑን ነው። ይህ ለእኔ ከንቱነት ነው፤ ሰው ስንት ያልተሠራ ነገር እያለው ያልተሠራ ነገር ይከራያል? ነገር ግን ያልተገራ ውርንጭላ የሚገራ ሰው እንዲህ ዓይነት ነው። ዛሬ ያስተማረውን ነገ ረስቶ ይጠብቀዋል፤ ሳይናደድ ከሀ ይጀምራል። ይህችን ነገር በልቤ ያዝኩና ሲወጣ ጠየቅሁት።

«ዳማውን በጥር ትቀመጥልኛለህ?»

አየኝ። «ብወድቅስ?»

«ስትለማመድ ውደቅ። እዚያ እንዳትወድቅ ነው።»

ክረምቱ ሲወጣ ጀመርን። ጠዋት ጠዋት፣ ባጃጁን ሳያስነሳ፣ ሜዳው ላይ ጤዛው ሳይነሳ። መጀመሪያ የቸገረን ቋንቋ ነው። ዳማው ያደገው በአገውኛ ነው፤ ቁም፣ ሂድ፣ ተመለስ የሚለውን የሚሰማው በአገውኛ ነው። አማቼ በአማርኛ ሲያዘው ሣሩን ይግጣል። «ይሄ ፈረስ ንቆኛል» ይለኛል። «ንቆህ ነው» እለዋለሁ። የሚያስፈልጉትን ጥቂት ቃላት አስጠናሁት፤ በዳንግላ አፉ ሲያወጣቸው ዳማው ጆሮውን አቁሞ ዞሮ ያየው ነበር።

መውደቁን ተዉት። ይወድቃል፣ ሳይራገፍ ይነሳል፣ እርካቡን ረግጦ ይወጣል። ጭቃው እስከ ቅንድቡ ነው። በመሐል ይጠይቀኛል።

«ጉግስ ላይ ሰው ስመታ ስንት ነጥብ ነው?»

«ነጥብ የለም።»

«ታዲያ ማን እንዳሸነፈ በምን ይታወቃል?»

«ማታ ሰው በሚያወራው።»

ይህ አልተዋጠለትም። አንገቱን እየነቀነቀ ሄደ፤ ከሰዓት ደግሞ መጋረጃ ገልጦ ገባ።

አንድ ነገር አጥብቄ ነግሬዋለሁ፤ ደጋግሜ ነው የነገርኩት። ጉግስ ላይ አንድ ሰው ከፈረሱ ከወደቀ ያሳደደውም የተሳደደውም ዘንጉን ዝቅ ያደርጋል። የወደቀው ፈረሱን በልጓሙ ይዞ፣ በእግሩ ከሜዳው ይወጣል። ከእሱ የሚበልጥ ሰው እርካብ ይዞለት ካልሆነ በቀር ዳግም ፈረሱ ላይ አይቀመጥም፤ ያንን ዙር አይመለስም። «ገባህ?» አልኩት። «ገባኝ» አለ። ሚስቱ ፊት አስደገምኩት።

ጥር ደረሰ። ዳማውን ግላሱን አለበስነው፣ ልጓሙን ወለወልነው። አማቼ ነጭ ለብሶ፣ ጋሻዬንና ዘንጌን ይዞ፣ የአባቴ ቦታ ላይ፣ ከፊት ሦስተኛ ተሰለፈ። ከዘራዬን ተደግፌ ሳየው፣ አልዋሻችሁም፣ ሰው መስሎ ነበር። የማኅበራችን ዳኛ አብሮ አደጌ ነው፤ ከሩቅ አይቶ አንገቱን ነቀነቀልኝ። የጌም ቤቱ ሰዎችም ሁሉ መጥተዋል። ስልካቸውን ቀስረው ሜዳው ከተከለለበት ገመድ ዳር ቆመዋል።

ግልቢያው በደህና አለፈ። ጉግሱ ላይ አማቼን ያሳደደው የጥሊሊው ሰውዬ ሆነ፤ ያ ዳማውን ሽጥልኝ የሚለኝ። ከያዛቸው ዘንጎች አንዱን ወረወረ፣ አማቼ ጋሻውን ከፍ አደረገ፣ ዘንጉ አልፎ ሄደ። እሱ ግን ከጋሻው ጋር ወደ ኋላ ሄዶ ከዳማው ላይ ወደቀ።

ሜዳው ጸጥ አለ። ዘንጎች ሁሉ ዝቅ አሉ። የጥሊሊው ሰውዬ ፈረሱን አዙሮ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ቀስ እያለ ወደ ወገኖቹ ሄደ። እኔ አማቼ ልጓሙን ይዞ እስኪወጣ እጠብቃለሁ።

በዚያ ጸጥታ መካከል ከገመዱ ዳር ጩኸት ተነሳ። የጌም ቤቱ ሰዎች ናቸው። «ተነስ፣ ተነስ፣ ቀጥል፣ ሄደብህ እኮ» ይላሉ፤ አስተማሪውም ጭምር። አማቼም ተነሳ። አልተራገፈም። እርካቡን ረግጦ ወጣ፣ ዳማውን በአገውኛ ሂድ አለው። ያን ቀን ዳማው ሰማው። ጋልቦ ደረሰና፣ ዘንጉን አውርዶ የሚሄደውን ሰውዬ ከኋላው ትከሻው መሐል መታው። የጌም ቤቱ ሰዎች አጨበጨቡ። ከእነሱ በቀር ያጨበጨበ አንድ ሰው አልነበረም።

ዳኛው ወደ መሐል ወጣ። ያውቃል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ግን ሕግ ነውና ጮክ ብሎ ጠየቀ።

«ይህ ፈረስ የማን ነው?»

ከዘራዬን መትቼ ተነሳሁ። «የእኔ ነው።»

«የተቀመጠውስ?»

«የቤቴ ሰው ነው።»

አማቼ ያን ጊዜ ነው ፊቴን ያየው፤ ያን ጊዜ ነው የት እንዳለ የገባው። ወረደ። ልጓሙን ይዞ ሄዶ የጥሊሊውን ሰውዬ እርካብ ሳመ። «ይማሩኝ ጋሼ። እጄ ነው የረሳው።»

ሰውዬው ጀርባውን እያሻሸ ቁልቁል አየው። «ይሄን ከየት ተማርከው? እዚህ አገር እንዲህ የሚያደርግ ሰው የለም።»

«ጌም ቤት ነው።»

«ምን ቤት?» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አያ፣ እንግዲህ እኔ ጥሊሊ ገብቼ ማን መታህ ሲሉኝ ምን ልበል? መብራት በጠፋ ቁጥር የሚሞት ሰው መታኝ ልበል?» የቆጣሪውን ወሬ ለካ እሱም ሰምቷል። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ ማረው። በሳቁ መካከል ግን እኔ ዳኛውን ነበር የማየው።

ዳኛው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተማክሮ ተመለሰ። «ዳማው ሜዳ ላይ ታይቷል፤ ከሰልፍ አይወጣም» አለ። «የወደቀ ሰው ግን ዘንጉን ያወረደ ሰው መቷል። ሦስተኛው ቦታ ለሌላ ይሰጥ። ከከርሞ ጀምሮ ይህ ቤት ከጭራው ይሰለፍ።» ተናግሮ ሲያበቃ ዓይኑን ከእኔ መለሰ።

አባቴ የኖረበት ቦታ እንዲህ ሄደ። በማሰሮ ሰባሪ እጅ ሄደ።

ወደ ቤት ስንመለስ አማቼ ያነክሳል፤ ዳማውን እየሳበ ከኋላዬ ነው። ኮብልስቶኑ ጋ ስንደርስ እሱ ተናገረ።

«አባባ፣ ጭራ ማለት መጨረሻው ነው?»

«መጨረሻው ነው። ከዚያ ወዲያ እግረኛ ነው።»

«ከዚያ ወደ ፊት መውጣት ይቻላል?»

«በየዓመቱ ከፊትህ ያለ ቤት በቀረ ቁጥር አንድ አንድ ቦታ፣ በየለቅሶው ሳትቀር፣ ዳኛው እያየህ። አባቴ ዕድሜውን ነው የፈጀበት።»

ዞሬ አየሁት። እኔ እንደ ሐዘንተኛ ነው የምሄደው፤ የእሱ ፊት ግን በርቷል። ያ በሰኔ በመስኮት ያየሁት ፊት ነው።

«ከመቼ እንጀምር?» አለኝ።

ምን ይባላል? ጠዋት እንጀምር አልኩት።

አሁንም ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ ነን። ለቅሶ ሲኖር ባጃጁን አቁሞ ዳማውን ይቀመጣል፤ ከሁሉ ኋላ ይሰለፋል፤ አንድም አልቀረም። ከሰዓት ደግሞ ዳማውን ከጌም ቤቱ ደጅ ካለው ምሰሶ ላይ ያስርና መጋረጃውን ገልጦ ይገባል። ዋንጫ አገኘሁ እያለ ይወጣል። ለእኔም ያ ቤት እስከነመቀመጫው እንደተናቀ ነው፤ አልተሻሻለልኝም። አግዳሚዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ዳማው አጠገቤ ድርቆሹን እያኘከ፣ ወደ አዘና በኩል ቀና ብዬ አያለሁ። ቆጣሪው ቅርብ ነው። ደመና ግን የለም።